ወንዝ ሲጎድል ትራውትን በዝንብ ማጥመድ

[የመግቢያ ሙዚቃ። ከ15 ሰከንድ በኋላ ዝቅ ይላል]

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወንዝ ዳር ይወስደናል። የምናወራውም ትራውት ስለሚባለው የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ፣ በተለይም ውሃ በሚጎድልበት ወቅት ይህን ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ስለማጥመድ ነው።

ዴንቨርና አውሮራ የምትኖሩ አድማጮቻችን የሮኪ ተራሮችን ሥራ ስትሄዱም ስትመለሱም ከመኪናችሁ መስኮት ታዩአቸዋላችሁ። ከእነዚያ ተራሮች የሚወርደውን የሳውዝ ፕላት ወንዝ ደግሞ በየቀኑ ከቧንቧችሁ ትጠጡታላችሁ፤ የሁለቱም ከተሞች ውሃ በከፊል የሚመጣው ከእሱ ነውና። ከዴንቨር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በመኪና ከተጓዛችሁ ዴከርስ የምትባል ትንሽ የወንዝ ዳር መንደር ትደርሳላችሁ። ከዚያ በላይ ቺዝማን ካንየን የሚባለው ገደላማ ሸለቆ አለ። ይህ የወንዙ ክፍል በትራውቱ በአሜሪካ ከታወቁት አንዱ ነው። ዓሣዎቹም በአስቸጋሪነታቸው የታወቁ ናቸው።

ብዙ ሰው ውሃው መጉደሉን ሲሰማ ዘንጉን ጠቅልሎ ቤቱ ይቀመጣል። እኔ ግን ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው የጎደለ ወንዝ ዋና አስተማሪ መሆኑን ነው። በሞላ ውሃ ዕድል የሚሸፍንልንን ስህተት ሁሉ ያጋልጣል። በጎደለ ወንዝ ዓሣ የሚያዘው በዓይንና በእግር ነው፤ ክንድ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። መቼ እንደማናጠምድ ማወቅም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

መጀመሪያ ወንዙ ለምን እንደሚጎድል እንይ።

የሳውዝ ፕላት ውሃ በአብዛኛው የተራራ በረዶ ነው። በግንቦትና በሰኔ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ይሞላል፤ ከዚያ በሐምሌና በነሐሴ እየቀነሰ ይሄዳል። በቅዝቃዜው ወራት ደግሞ ተራራው ውሃውን በበረዶ መልክ ስለሚይዘው በጣም ይወርዳል። በዴከርስ ግን የሰው እጅም አለበት። ከሸለቆው ራስ ላይ በ1905 የተጠናቀቀው የቺዝማን ግድብ ቆሟል። ከፍታው 221 ጫማ ወይም 67 ሜትር ገደማ ሲሆን በዘመኑ በዓለም ረጅሙ ግድብ ነበር። ስለዚህ ወንዙ ዛሬ ምን ያህል ውሃ እንደሚኖረው የሚወስነው በረዶው ብቻ አይደለም፤ የዴንቨር የውሃ ፍላጎትም ይወስናል።

የወንዙ ፍሰት አሜሪካ ውስጥ የሚለካው በሰከንድ በሚያልፍ ኪዩቢክ ጫማ ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28 ሊትር ገደማ ይይዛል። ፍሰቱ 300 ነው ከተባለ በሰከንድ 8,500 ሊትር ያህል ያልፋል ማለት ነው። ከ100 በታች ሲወርድ ከ2,800 ሊትር ያነሰ ይሆናል። ይህን ቁጥር የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም በየወንዙ ከተከላቸው መለኪያዎች እያነበበ በድረ ገጹ በነጻ ያወጣል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት እሱን አይታችሁ ውጡ።

ውሃው ሲቀንስ ዓሣው የት ይሄዳል? ቀድሞ ተበትኖበት የነበረው ዳርቻ ስለሚደርቅ ወደ ጥቂት ቦታዎች ይሰበሰባል። አንዱ ጥልቅ ኩሬ ነው። ሌላው ወንዙ ሥሩን የሸረሸረው ዳርቻና የትልልቅ ድንጋዮች ጥላ ነው። ሦስተኛው ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንፏፏ ወደ ኩሬ የሚገባበት ቦታ ነው። እዚያ አየር ከውሃው ጋር ስለሚቀላቀል ኦክስጅን አለ፣ የፈሰሰው ውሃም ምግብ ይዞ ይመጣል። የውሃው ፊት ስለሚሸበሸብም ዓሣው ከላይ ከሚያድኑት ወፎች ይሰወራል። እንግዲህ ውሃ ሲጎድል ዓሣው አይጠፋም፤ እንዲያውም የት እንዳለ ማወቁ ይቀላል። የሚከብደው እሱ እኛን ሳያየን መቅረቡ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

ትራውት ከውሃ ውስጥ ሆኖ ምን ያያል?

ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ ሲገባ ይታጠፋል። በዚህ ምክንያት ዓሣው ውጭውን ዓለም የሚያየው ከራሱ በላይ ባለች አንዲት ክብ መስኮት በኩል ነው። ከመስኮቷ ውጭ ያለው የውሃ ፊት ከሥር ሲታይ የወንዙን ወለል መልሶ የሚያሳይ መስታወት ነው። የመስኮቷ ስፋት ከዓሣው ጥልቀት ጋር ይሄዳል፤ ከጥልቀቱ ሁለት እጥፍ ትንሽ ይበልጣል። 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ዓሣ 1 ሜትር ከ36 ገደማ ስፋት ያላት መስኮት አለችው። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ላለው ግን ስፋቷ 45 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በጎደለ ውሃ ወደ ላይኛው ፊት የተጠጋ ዓሣ መስኮቱ ጠባብ ስለሆነ ዝንባችን በትክክል ከፊቱ ካላረፈች አያያትም። ሁለተኛ፣ ከውሃው ፊት ጋር ሲመዘን ከ10 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ላይ ያለ ነገር ወደ መስኮቷ ጠርዝ ተጨምቆ ስለሚደርስ ለዓሣው በደንብ አይታየውም። ይህን ወደ ሜትር እንመልሰው። ከዓሣው 10 ሜትር ርቃችሁ በውሃው ደረጃ ላይ ከቆማችሁ ከ1 ሜትር ከ75 በታች ያለው አካላችሁ ያን ያህል አይታይም። 6 ሜትር ስትደርሱ ግን ወሰኑ ወደ 1 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ ከሩቅ ቆማችሁ፣ ከቅርብ ተንበርክካችሁ አጥምዱ። ከፍ ያለ ዳርቻ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ የዳርቻው ከፍታ በቁመታችሁ ላይ ይደመራል።

ትራውት ሁልጊዜ ፊቱን ውሃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዙሮ ይቆማል። ምግቡ ከዚያ ስለሚመጣ ነው። ከጅራቱ በኩል የማያየው ጠባብ ቦታ አለው፤ ስለዚህ ከታች ወደ ላይ፣ ከኋላው ቅረቡት። በጎኑ ላይ ያለው የስሜት መስመር የውሃን ንቅናቄ ይለይለታል። በጫማችሁ የምታንገጫግጩት ጠጠርም ሆነ ስትራመዱ የምታስነሱት ሞገድ እናንተ ሳትደርሱ ይደርሰዋል። በሞላ ወንዝ ማጥመድ ገበያ መሃል እንደማውራት ነው፤ ብትጮኹም የሚሰማችሁ የለም። በጎደለ ወንዝ ግን ቅዳሴ መሃል እንደማሳል ነው፤ ሁሉም ዞሮ ያያችኋል። ስለዚህ ካልቸገራችሁ በቀር ውሃው ውስጥ አትግቡ። ቀይና ነጭ ልብስ ትታችሁ አፈርና ቅጠል የሚመስል ልበሱ። ፀሐይ ከኋላችሁ ከሆነች ጥላችሁ የት እንደሚወድቅ ልብ በሉ።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን ወደ ዕቃችን እንምጣ።

በዝንብ ማጥመድ ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ። በዚህ ዘዴ መንጠቆው ላይ ሕይወት ያለው ትል አይሰካም። ላባ፣ ጸጉርና ክር መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ ነፍሳት እንዲመስል ይደረጋል። ይህች ሰው ሠራሽ ዝንብ ክብደት ስለሌላት የምንወረውረው ወፍራሙንና ቀለማሙን ዋና ክር ነው፤ ዝንቧ ተከትላው ትሄዳለች። በዋናው ክርና በዝንቧ መካከል እየቀጠነ የሚሄድ የማይታይ ክር አለ፤ ሊደር ይባላል። የሊደሩ ቀጭን ጫፍ ደግሞ ቲፔት ይባላል።

በተለመደው ውሃ 9 ጫማ ሊደር ይበቃል። በጎደለ ውሃ 12 ጫማና ከዚያ በላይ አድርጉት፤ ወፍራሙ ክር ከዓሣው ራስ ርቆ እንዲያርፍ። የቲፔት ውፍረት በቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ክሩ ይቀጥናል። 5 ኤክስ የሚባለው 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 6 ኤክስ ወደ 0.13፣ 7 ኤክስ ደግሞ ወደ 0.10 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ቀጭን ክር የሚጠቅመው የማይታይ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ስለሚተጣጠፍ ዝንቧ ከውሃው ጋር በነጻነት እንድትሄድ ይፈቅድላታል። ጉዳትም አለው። በቀጭን ክር የተያዘን ዓሣ በኃይል መሳብ ስለማይቻል ትግሉ ይረዝማል፤ ዓሣውም እጅግ ይደክማል። ስለዚህ 7 ኤክስን ውሃው ቀዝቃዛ ለሆነበት ጊዜ አቆዩት። ውሃው ሞቅ ካለ ክሩን ከማቅጠን ሊደሩን ማስረዘም ይሻላል። ቋጠሮውንም ተረጋግታችሁ፣ በምራቅ አርጥባችሁ አጥብቁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የተቋጠረ ክር የሚበጠሰው ትልቁ ዓሣ የመጣ ቀን ነው።

ዝንቦቹስ? በሳውዝ ፕላት የዓሣው የዘወትር ምግብ ትንንሽ ነፍሳት ናቸው። ትንኝ መሰሎቹ ሚጆች ዓመቱን ሙሉ አሉ። በነሐሴና በመስከረም ጠዋት ጠዋት ትራይኮ የሚባሉት፣ ጥቁር ገላና ነጭ ክንፍ ያላቸው ደቃቃ ነፍሳት ውሃው ላይ ይረግፋሉ። በመኸር ደመናማ ቀን ደግሞ ብሉ ዊንግድ ኦሊቭ የሚባሉት ይወጣሉ። እነዚህን ለመምሰል ከ18 እስከ 24 ቁጥር ያላቸው መንጠቆዎች ያስፈልጋሉ። እዚህም ቁጥሩ ሲጨምር መጠኑ ይቀንሳል፤ የ22 ቁጥር መንጠቆ ርዝመት ከ5 ሚሊ ሜትር አይበልጥም።

ለዚህ ወንዝ ከተሠሩት ዝንቦች ስሟ የገነነው አር ኤስ 2 ናት። የሠራት ሪም ቹንግ ይባላል፤ ከደቡብ ኮሪያ መጥቶ ዴንቨር የተቀመጠ አጥማጅ ነው። በ1970ዎቹ የሳውዝ ፕላትን መራጭ ዓሣዎች አጥንቶ ከውሃ ሥር ወደ ላይ የሚወጣን ነፍሳት የምትመስል፣ ጌጥ የሌላት፣ በጥቂት ነገር የተሠራች ዝንብ ሠራ። ዛሬ በአሜሪካ በብዙ የዝንብ መሸጫዎች ታገኟታላችሁ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ይህን ወንዝ እዚህ ከተወለዱት እኩል፣ እንዲያውም ከብዙዎቹ በላይ ሊያውቀው እንደሚችል ሥራው ምስክር ነው።

በነሐሴ መጨረሻ ሣሩ ሲደርቅ ፌንጣ ወደ ውሃ ይወድቃል። ያኔ ፌንጣ የምትመስል ዝንብ ከላይ አንሳፍፉ። ከእሷ መንጠቆ ላይ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ቀጥላችሁ አር ኤስ 2ን ከሥር እሰሩ። ፌንጣዋ በድንገት ከሰመጠች ዓሣው የታችኛዋን ወስዷል ማለት ነው። ትልልቅ የፕላስቲክ ተንሳፋፊዎች ግን በረጋ ውሃ ላይ ጧ ብለው ሲያርፉ ዓሣውን ስለሚያስበረግጉ ለሞላ ውሃ ተዉአቸው።

[አጭር ሙዚቃ]

አሁን እስካሁን ያልነውን በአንድ ኩሬ ላይ እንሞክረው።

ኩሬው ጋ ስትደርሱ ክሩን አትፍቱ። ከኩሬው መውጫ በታች፣ ከድንጋይ ኋላ ተቀመጡና አስር ደቂቃ ብቻ እዩ። የፀሐይ መነጽራችሁ የውሃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ፣ ፖላራይዝድ የሚባለው ይሁን። መጀመሪያ የምታዩት ጠጠር ብቻ ነው። ቆይቶ ከጠጠሩ አንዱ ጥላውን በወለሉ ላይ ጥሎ ወዲያና ወዲህ ሲል ታያላችሁ። እሱ ዓሣ ነው። ብራውን ትራውት የሚባለው ዓይነት ጀርባው ከወንዙ ወለል ስለማይለይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ጥላው ነው። አሁን ልብ ብላችሁ ተከታተሉት። አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ሄደ፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ብልጭ አለ፣ ወደ ቦታው ተመለሰ። በላ ማለት ነው። ምግቡ ከየትኛው የውሃ መስመር እንደመጣለት አያችሁ፤ ዝንባችሁም በዚያው መስመር መምጣት አለባት።

ውርወራውን የምትለማመዱት ከዓሣው በላይ አይደለም። ክሩን ወደ ጎን፣ ወደ ደረቁ ዳርቻ አቅጣጫ እያመላለሳችሁ ርዝመቱን ለኩ፤ የሚበር ክር ጥላ ዓሣውን ያስደነግጠዋልና። ዘንጉን ወደ ጎን አጋድማችሁ ዝቅ አድርጋችሁ ወርውሩ። ዝንቧ ከዓሣው በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ርቃ ትረፍ። ከዚያ ውሃው ራሱ ያምጣለት። ክሩ ከጎተታትና ከውሃው ፍጥነት ከፈጠነች ወይም ከዘገየች ዓሣው ይተዋታል። ካልወሰዳትም ወዲያው አትመንጭቋት፤ ዓሣውን ካለፈች በኋላ በቀስታ አንሷት። በጎደለ ውሃ ጥሩ ዕድል የምትሰጣችሁ የመጀመሪያዋ ውርወራ ናት። በየውርወራው ዕድላችሁ እየቀነሰ ይሄዳል። አስር ጊዜ ከመወርወር አስር ደቂቃ ማየት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

[አጭር ሙዚቃ]

እንግዲህ ዘንጋችንን አስቀምጠን ቴርሞሜትር የምናወጣበት ክፍል ላይ ደርሰናል።

ትራውት ለመኖር ቀዝቃዛ ውሃ ይፈልጋል፤ ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው በጣም ይስማማዋል። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ውሃ በሊትር እስከ 11.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ በ20 ዲግሪ ግን 9.1 ብቻ። ዴከርስ ከ1,900 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ራሱ ሳስቷል፤ ከዚህ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል ቀንሱ። በሌላ በኩል ዓሣው ውሃው ሲሞቅ ሰውነቱ በፍጥነት ስለሚሠራ የሚያስፈልገው ኦክስጅን ይጨምራል። መንጠቆ ይዞት ሲታገል ደግሞ ጡንቻው ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይጠራቀማል። በሞቀ ውሃ ከዚህ ድካም ማገገም ስለሚያቅተው፣ በሕይወት ዋኝቶ ሲሄድ ያያችሁት ዓሣ ከሰዓታት በኋላ ሊሞት ይችላል።

ስለዚህ ብዙ ጠንቃቃ አጥማጆች ውሃው 68 ዲግሪ ፋራናይት ወይም 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ያቆማሉ። የኮሎራዶ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤትም ወንዞች ሲሞቁ ሰው በፈቃዱ ማጥመድ እንዲያቆም ይጠይቃል። በ2021 ሐምሌ በኮሎራዶ ወንዝ ረጅም ክፍል ላይ እንዲህ ያለ ጥሪ ተላልፎ ነበር። ከግድብ ሥር የሚለቀቀው ውሃ ከጥልቅ የሚወጣ ስለሆነ ዴከርስ አጠገብ ብዙ ጊዜ ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ ታች በራቃችሁ ቁጥር ግን ይሞቃል። በሞቃቱ ወራት ጎህ ሲቀድ ጀምራችሁ ረፋዱ ላይ ጨርሱ። በቅዝቃዜው ወራት ተቃራኒው ነው፤ ዓሣውም ነፍሳቱም የሚነቃቁት እኩለ ቀን አካባቢ ስለሆነ ማለዳ ተነስቶ መንቀጥቀጥ አያስፈልግም።

ይህ የሙቀት ነገር አገራችን ውስጥ ያለ አንድ ወንዝንም ያስረዳናል። ትራውት የኢትዮጵያ ተወላጅ አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገደማ በፈረንጆች አቆጣጠር ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተጨመረ፤ ከእነዚህም አንዱ ዌብ ነው፣ ቁልቁል ወርዶ የሶፍ ዑመርን ዋሻ የሚያቋርጠው። ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ትራውት የኖረው ዲንሾ አካባቢ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነና ውሃው ስለሚቀዘቅዝ ነው። በበጋ ዌብ ሲጎድል ዓሣው ልክ እንደ ሳውዝ ፕላቱ ወደ ጥልቅ ኩሬዎች ይሰበሰባል፤ ያልነው አቀራረብ ሁሉ እዚያም ይሠራል።

ዓሣ ከያዛችሁ በኋላስ? በቺዝማን ካንየን የተያዘ ትራውት ሁሉ ወዲያው መለቀቅ እንዳለበት ደንቡ ያዛል። የመንጠቆውን ትንሽ እሾህ በመቆንጠጫ ጨፍልቃችሁ ሂዱ፤ በቀላሉ ይወጣል። ዓሣውን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን አርጥቡ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከልለትን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ይገፍፍበታል። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ካሜራው ተዘጋጅቶ ይጠብቅ፤ ዓሣው ከውሃ ውጭ ከ10 ሰከንድ በላይ አይቆይ። ስትለቁት ፊቱን ወደ ውሃው መምጫ አዙራችሁ ራሱ ጎትቶ እስኪሄድ ያዙት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ብራውን ትራውት በመኸር፣ ሬይንቦ ትራውት በጸደይ እንቁላል ይጥላሉ። ሴቷ በጅራቷ ጠጠሩን እየጠረገች ጎድጓዳ ጎጆ ትሠራለች። በጎደለ ውሃ ይህ ጎጆ ከዙሪያው የጸዳና የፈካ የጠጠር ክብ ሆኖ ይታያል። አትርገጡት፤ በሥሩ ብዙ እንቁላል አለ። በላዩ የቆሙትን ዓሣዎችም አታጥምዱ። ይህ ወንዝ መከራ አይቷል። በ2002 ሰኔ የተነሳው የሄይማን ቃጠሎ 138,000 ኤከር ያህል ደን አወደመ። ከዚያ በኋላ የጣለው ዝናብ ሥር የሌለውን አሸዋ ጠርጎ ወንዙ ውስጥ ከተተው። አሸዋ የድንጋዩን ክፍተት ሲሞላ ነፍሳቱ መጠለያ ያጣሉ፣ እንቁላሉም ይታፈናል። ስለዚህ ንጹሕ ሆኖ የተረፈውን ጠጠር እንጠብቅ።

[ሙዚቃ፣ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል]

ለማጠቃለል፣ ለቅዳሜ የምትዘጋጁ አድማጮች ይህን ያዙ። ዕድሜያችሁ 16 ከሞላ የማጥመጃ ፈቃድ ግዙ፤ ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። በሰኔ የመጀመሪያው ሙሉ ቅዳሜና እሑድ ለሁሉም ያለ ፈቃድ ይፈቀዳል። ደንቡ ከአንዱ የወንዝ ክፍል ወደ ሌላው ስለሚለያይ የምትሄዱበትን ለይታችሁ አንብቡ። ፍሰቱን ከቤት፣ ሙቀቱን ከወንዙ ዳር ለኩ። 68 ዲግሪ ከደረሰ ምሳችሁን በልታችሁ ተመለሱ። ካልደረሰ ረጅም ሊደር እሰሩ፣ ከታች ቅረቡ፣ ተንበርከኩ፣ ተመልከቱ፤ ከዚያ ወርውሩ።

በሚቀጥለው ሳምንት አር ኤስ 2ን ቤታችሁ ጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደምትሠሩ ደረጃ በደረጃ አስረዳለሁ። 20 ቁጥር መንጠቆ፣ ቀጭን ግራጫ ክርና ጥቂት ለስላሳ ግራጫ ጸጉር አዘጋጅታችሁ ጠብቁኝ። እስከዚያው ደህና ሰንብቱ።

[የመዝጊያ ሙዚቃ]